ፈረስ በጥርሱ፣ ላፕቶፕ በስቲከሩ

እንጅባራ ላይ ፈረስ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ ቀን ጊዜ ሰጥታችሁ እዩልኝ። ገዥው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሌላ ሰው የሚፈልግ መስሎ በፈረሱ አጠገብ ያልፋል። ተመልሶም ያልፋል። በሦስተኛው ቆም ይልና አንገቱን ይደባብሳል፤ እግሩን አንሥቶ ኮቴውን ያያል። ከዚያ ከንፈሩን ፈልቀቅ አድርጎ ጥርሱን ይመረምራል። ሻጩ ‹‹ገና አምስት ዓመቱ ነው›› እያለ ይምላል፤ ጥርሱ ግን አሥር ይላል። ገዥው የሚሰማው ጥርሱን ነው። በመጨረሻ ‹‹እስቲ አስኪደው›› ይላል። ካየው በኋላ ደግሞ ‹‹እስቲ እኔ ልውጣበት›› ይላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን የዋጋ ነገር ገና አልተነሣም።

አይፈረድበትም። አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት የፈረሰኞች ማኅበር ያለው፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ዓድዋን እያሰበ በሽምጥ ግልቢያና በጉግስ በዓሉን የሚያከብር ሕዝብ ነው። እንዲህ ባለ አገር በፈረስ የተታለለ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ ይጎዳል። ‹‹እገሌ እኮ ሽማግሌ ፈረስ ገዛ›› ከተባለ አለቀ፤ ልጁን ሲድር እንኳን ይነሣበታል።

ይሄን ማንሣቴ ስለ ፈረስ ላወጋችሁ ብዬ አይደለም። ይሄው ጥርስ ፈልቃቂ ሰው ላፕቶፕ ለመግዛት ሱቅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው።

ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ዘመድ አሉኝ፤ ‹‹አያ›› እያልሁ ነው የምጠራቸው። እንደ ብዙው የፋግታ ለኮማ ገበሬ እሳቸውም ከማሳቸው ከፍለው ዲከረንስ ተክለዋል። ዲከረንስ ለማታውቁት ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። አራትና አምስት ዓመት ይቆምና ይቆረጣል፤ ከሰል ሆኖም ወደ ከተማ ይጫናል። ለገበሬው ባንክ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ወለዱ በቅጠል መታየቱ ብቻ። በ2014 ዓ.ም. የአያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ‹‹ላፕቶፕ ያስፈልገኛል›› አለች። ዛፉ ተቆረጠ፣ ከሰሉ ከሰለ፣ ተሸጠ። አባትና ልጅ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው ባሕር ዳር ሄዱ።

ሱቅ ውስጥ የሆነውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ ቃላቸው አንድ ነው።

‹‹ሚሞሪው ስንት ነው?›› ብላ ጠየቀች ልጅቱ። መምህሯ ‹ሚሞሪውን ጠይቂ› ብሏት ነበር።

‹‹አንድ ቴራ!›› አላት ሻጩ።

‹‹ፕሮሰሰሩስ?››

‹‹ኮር አይ ሰቨን! ስቲከሩን አታይም?››

አያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ‹‹ይሄ አንድ ቴራ የምትለው ብዙ ነው፣ ልጄ?›› አሉት።

‹‹አባባ፣ ዕድሜ ልኳን ጽፋ አትሞላውም!››

በሩብ ሰዓት ውስጥ ተከፍሎ ተወጣ። ለፈረስ ግማሽ ቀን የሚያጠፉት አያ፣ የአራት ዓመት ዛፋቸውን ለሰጡበት ዕቃ ሩብ ሰዓት በቃቸው። የሚገርመው ሻጩ አልዋሸም። አንዲትም የሐሰት ቃል አልተናገረም። አንድ ቴራው አንድ ቴራ ነው፤ ኮር አይ ሰቨኑም ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ልጅቱም ዕድሜ ልኳን ጽፋ አትሞላውም። ሰው በእውነት ብቻ እንዴት እንደሚታለል ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ለእንኳን ደስ ያላችሁ ቤታቸው ስሄድ ላፕቶፑ ጋቢ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ‹‹ጋሼ፣ እስቲ እየው›› አለችኝና ቁልፉን ተጫነች። ቡና እየተቆላ ነበር። ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ተፈላ። አቦሉን ስቀበል ላፕቶፑ ክብ ክብ እየሠራ ነበር። ተከፍቶ ጽሑፍ መጻፊያውን ስትነካው ደግሞ ቶናው ደረሰ። አያ ‹‹አዲስ ስለሆነ ይሆናል፣ ይለምዳል›› አሉ። ፈረስ ይለምዳል። ላፕቶፕ ግን አይለምድም፤ እንዲያውም በየዓመቱ ይብስበታል።

ገልጬ ሳየው ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ነው። አንድ ቴራው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ኮር አይ ሰቨኑ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ገበያ የወጣ። ጥርሱ አሥር ይላል።

እዚህ ላይ ወቀሳው ሻጩ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ አንድ የቋንቋ ጉዳይ ላንሣ። እኛ ‹‹ሚሞሪ›› የምንለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቃሉን የለመድነው ሞባይል ውስጥ ከምትገባው፣ ዘፈንና ፎቶ ከሚጫንባት ከጥፍር የማትበልጥ ካርድ ጋር ነው። ስለዚህ ‹‹ሚሞሪው ስንት ነው?›› ስንል የምንጠይቀው የማስቀመጫውን ስፋት ነው። የኮምፒውተር ሰው ግን ሚሞሪ ሲል ራም ማለቱ ነው። መምህሩ ራሙን ጠይቂ ማለቱ ነበር፤ እሷ ጠየቀች፤ ሻጩ ስለ ማስቀመጫው መለሰ። ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ፣ ሦስቱም አልተግባቡም። ልዩነቱ የተከፈለው በከሰል ነው።

እንግዲህ ነገሩን በቤታችን ዕቃ እንየው። ማስቀመጫው ጎተራ ነው። እህሉ እዚያ ይኖራል፤ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ራሙ ደግሞ ማዕዱ ነው። ከጎተራ የወጣው ተሰናድቶ የሚቀርበው፣ የሚበላውም እሱ ላይ ነው። ኮምፒውተር ከጎተራ ቆንጥሮ አይጎርስም፤ የምትሠሩበትን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ማዕዱ ላይ ያቀርበዋል። ጽሑፉ፣ ኢንተርኔቱ፣ ቴሌግራሙ፣ ጸረ ቫይረሱ ሁሉም እዚያው ማዕድ ላይ ይሰለፋሉ። ማዕዱ ጠባብ ከሆነስ? አንዱን ሳህን አንሥቶ ወደ ጎተራው ይመልስና ሌላውን ያመጣል። እንደገና ያኛውን ስትፈልጉት ይሄኛውን መልሶ ያንን ያመጣል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ የሚያስጠብቃችሁ ይሄ ምልልስ ነው።

ምልልሱ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ በጎተራው በር ይወሰናል። የድሮው ሃርድ ዲስክ በውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ያለ ክንድ ከወዲያ ወዲህ እየሄደ ይፈልጋል። ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት ያህል ይሰጣል፤ እዚህም እዚያም የተበተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ሲፈልግ ግን ፍጥነቱ እጅግ ይወርዳል። ኮምፒውተር ሲነሣ የሚያደርገውም በአመዛኙ ይሄን ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር የለውም። ተራው ዓይነት በሰከንድ 500 ሜጋ ባይት ያህል ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ከ3,000 በላይ ይሄዳል። ስለዚህ አራት ጊጋ ራም ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ጋር ሲጣመር ጠባብ ማዕድና ቁልፉ የሚያስቸግር ጎተራ ማለት ነው። ጎተራው አንድ ቴራ ሆነ ሁለት ቴራ፣ በሩ ያው በር ነው።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው። ይሄን የሚያህል ቀላል ነገር ለምን አንጠይቅም? መልሱ አላዋቂነት ብቻ አይመስለኝም። ትልቅ ቁጥር እንወዳለን። አንድ ቴራ ሲባል ደስ ይላል፤ ‹‹ባለ 256 ነው›› ሲባል ግን የተቸገረ ሰው ንግግር ይመስላል። ኮር አይ ሰቨን የገዛ ሰው ለወዳጁ ሲናገር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ኮር አይ ፋይቭ የገዛው ‹‹ለጊዜው ነው›› ብሎ ይጨምርበታል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው። 4600 የሚል አይ ሰቨን አራተኛ ትውልድ ነው፤ 8250 የሚል አይ ፋይቭ ስምንተኛ ትውልድ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ኮር ብቻ አለው፣ ሁለተኛው አራት። ታናሹ አይ ፋይቭ ታላቁን አይ ሰቨን ጥሎት ይሄዳል። ዕድሜ የሚያከብር አገር ሰዎች ስለሆንን ይሆናል፣ ይሄ አይዋጥልንም።

የተማረውም ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም የሚብሰው እሱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የኮምፒውተር ግዥ ሲወጣ አይቻለሁ። የዕቃው ዝርዝር ካምናው ተገልብጦ የመጣ ነው፤ ያምናውም ከካቻምናው። ‹‹ኮር አይ ሰቨን፣ 1 ቴራ›› ይላል። የትኛው ትውልድ? አልተጻፈም። የሚሽከረከር ነው ኤስኤስዲ? አልተጻፈም። ራሙ የሚጨመርበት ቦታ አለው? አልተጻፈም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ያሸነፈውም የተጻፈውን በትክክል፣ ያልተጻፈውን ደግሞ እንደ ልቡ ያቀርባል። ሕጉ ተከብሯል፣ ኦዲተሩ ጉድለት አላገኘም፤ ባለጉዳዩ ግን ‹‹ሲስተሙ እስኪነሣ ጠብቅ›› ተብሎ ኮሪደር ላይ ተቀምጧል። ‹‹ሲስተም የለም›› የምንባለው ሁሉ የኔትወርክ ጥፋት አይምሰላችሁ። አንዳንዱ የዝርዝር ጥፋት ነው።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ላፕቶፕ በዚህ አካባቢ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን የሚወስደው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ነው። የኮምፒውተር ቁልፍ በጣቱ ያልለመደ ልጅ በዕውቀቱ ሳይሆን በጣቱ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ ዛፍ ቆርጦ፣ በሬ ሽጦ መግዛቱ አይደንቅም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ተሳስቶ ቢገዛ በዓመቱ ይለውጣል። አንድ ጊዜ ብቻ መግዛት የሚችለው ሰው ግን ስሕተቱን አራት ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ይኖራል። ምክር ይበልጥ የሚያስፈልገው ለሱ ሆኖ ሳለ ያለ ምክር የሚገዛውም እሱ ነው።

ወደ አያ ልጅ ልመለስ። ልጅቱ ቻይ ናት። ላፕቶፑን አስነሥታ ፊቷን ታጠባለች፤ ተመልሳ ስትመጣ ተነሥቶ ይጠብቃታል። እንዲህ እያለች ሦስት ዓመት ገፋች። የጻፈችውን ሁሉ፣ ያነሣችውን ፎቶ፣ የሰበሰበችውን መጽሐፍ እዚያው አንድ ቴራ ላይ አከማቸች። ‹‹ሌላ ቦታ አስቀምጪ እንጂ›› ስላት ‹‹ጋሼ፣ ገና ሩቡም አልሞላ›› አለችኝ። ይሄ የትልቅ ጎተራ ክፉ ጠባይ ነው። ቦታ ስለማያልቅ ሁለተኛ ቦታ አያሳስብም። ጎተራ ሰፊ ነው ማለት ግን እሳት አይነካውም ማለት አይደለም።

‹‹ክላውድ ላይ አስቀምጡ›› የሚሉ ከተሜ አማካሪዎች አሉ። ጥሩ ነው፣ ኢንተርኔት ላለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ሳይመለስ ቆየ። ያን ጊዜ ፋይሉን ደመና ላይ ያስቀመጠ የክልሉ ተማሪ ምን ሆነ? አባቶቻችን ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ሲሉ ስለ ክላውድ የተናገሩ ይመስላል። እኛ አገር ደመናው ሁለተኛ ጎተራ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛ ጎተራ ሊሆን ግን አይገባውም። ላፕቶፕ ስንገዛም ‹‹ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ነው፣ 64 ጊጋ ይበቃል›› ብሎ ለሌላ አገር የተጻፈውን ምክር እንዳለ መዋጥ የለብንም።

በ2017 ዓ.ም. የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ስትቃረብ ልጅቱ ከቤት ወደ ትምህርቷ ስትመለስ ላፕቶፑን ሳታጠፋ ክዳኑን ብቻ ገጥማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳው ወደቀ። ብዙ አልወደቀም፣ ከጭን እስከ ወለል ነው። ማታ ስትከፍተው ‹ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ› የሚል ድምፅ ብቻ ሰጣት። የሚሽከረከር ሳህን ያለው ዕቃ እየሠራ ከተንገጫገጨ ክንዱ ሳህኑን ይመታል። ሦስት ዓመት እዚያ ሳህን ላይ ነበር።

ስትደውልልኝ አላለቀሰችም። ‹‹ጋሼ፣ ለአባዬ አትንገር›› ነው ያለችኝ።

የዳነው ምን መሰላችሁ? አማካሪዋ አርሞ ሊመልስላት ወረቀት ላይ አሳትሞ ይዞት የነበረው ሁለት ምዕራፍ ብቻ። ‹‹በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል›› የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ራም ማለት በቃል ያለው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይረሳል። ሃርድ ዲስክ በጽሑፍ ያለው ነው፤ ይወረሳል። ግን አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጽሑፍ እኮ ከቃል ብዙም አይሻልም! ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ የምታገኟት ዳንግላ ላይ ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን ከ1925 እስከ 1934። ጣናንና ዓባይን ዞሮ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ዓባይ የሚያጠና ሰው ያንን መጽሐፍ ያገኘዋል፤ በብዙ ቅጂ ስለተባዛ። ወረቀቱ ስለበረታ አይደለም። ብዙ ቦታ ስለተቀመጠ ነው።

ልጅቱ የቀረውን ሌሊት ሌሊት እንደገና ጻፈችው። በተዋሰችው ላፕቶፕ።

እሷ ስትጽፍ እኔ የሞተውን ላፕቶፕ ወደ ጥገና ወሰድሁት። ሠራተኛው ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ አንድ ቴራውን አወጣና በቦታው 240 ጊጋ ኤስኤስዲ አስገባ። ራም የሚጨመርበት ሁለተኛ ቦታ ባዶ ነበርና 4 ጊጋ ጨመረበት፤ 8 ሆነ። ዋጋው ላፕቶፑ ከተገዛበት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። አያ ቤት ወስጄ ቁልፉን ስጫነው ቡናው ገና አልታጠበም፤ ላፕቶፑ ተነሣ። በዚያው ስለ ጽሑፉ ሳልናገር ‹‹ዕቃው ተበላሽቶ ነበር፣ ተሠራ›› አልኋቸው።

አያ ትኩር ብለው አዩት። ‹‹ስንት አደረግኸው?››

‹‹ሁለት መቶ አርባ።››

‹‹ስንት ነበር?››

‹‹አንድ ሺህ ያህል።››

‹‹ከሺህ ወደ ሁለት መቶ አርባ ወርዶ እንዴት ፈጠነ?››

ላስረዳቸው ስዘጋጅ፣ ጎተራና ማዕድ ልል አፌን ስከፍት፣ ራሳቸው ቀደሙኝ። ‹‹ገባኝ›› አሉ። ‹‹ለካ እኛ ሆዱን ነው የገዛነው። እግሩን አላየነውም።››

እኔ በሁለት ሺህ ቃል ያልጨረስሁትን አያ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

እንግዲህ አሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እግሩን እዩ። እንዴት? ሱቁ ውስጥ ‹‹አስነሣልኝ›› በሉ፤ ሲነሣ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ከተነሣ በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች በአንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ የላፕቶፑ ጥርስ ይታያችኋል። ሚሞሪ በሚለው ውስጥ ራሙ ስንት እንደሆነና ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ዲስክ በሚለው ውስጥ ኤስኤስዲ ይሁን የሚሽከረከር ተጽፏል። ሲፒዩ በሚለው ውስጥ የትውልዱ ቁጥር አለ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ስቲከር ወረቀት ነው፣ ይለጠፋል፤ ይሄን ግን በሙጫ መለጠፍ ይከብዳል።

ምን ያህል ይበቃል? ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ለሂሳብ ሥራ ፒችትሪ ለሚከፍት ሰው 8 ጊጋ ራም ዝቅተኛው ነው፤ 16 ካገኘ ይውሰድ። አውቶካድ ለሚከፍት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ወይም የካርታ ሶፍትዌር ለሚጠቀም 16 መነሻው ነው። ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ይሁን፤ 256 ለተማሪ ይበቃል፣ 512 ይደላል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ብቻ ነው አንድ ቴራ ከልቡ የሚያስፈልገው። ፊልም ማከማቸት የምትወዱ ላፕቶፑን አታስጨንቁት፤ ውጪ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ግዙለት። ብሩ ለትልቅ ማስቀመጫና ለትልቅ ራም እኩል ካልደረሰ ለራሙ አድሉ። ጎተራ ከውጪ ይቀጠላል፤ ማዕድ ግን ከውጪ አይቀጠልም። ከሁሉ በፊት ግን የሠራችሁት ነገር ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጥበትን አስቡ። ከትልቁ ጎተራ የተረፈችው ሳንቲም ለትንሿ ሁለተኛ ጎተራ ትዋል።

‹‹ለጊዜው ትንሽ ራም ልግዛ፣ ኋላ እጨምራለሁ›› የሚለው የድሮ ብልሃት ደግሞ ዘንድሮ ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛው በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆኑ ነው፤ አይነቀልም፣ አይጨመርም። ሁለተኛው ዋጋው ነው። ከ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ ማዕከላት ምርቱን እየጠቀለሉት ነው። ማይክሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዥ ይሸጥ የነበረውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. አስታውቋል። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን አልፏል። ያኔ ተሳስተን የገዛነው ስሕተት ዛሬ ሲታረም ዋጋው እጥፍ ነው።

ያገለገለ ለምትገዙም አንድ ቃል። ዊንዶውስ 10 ነጻ የደኅንነት ጥገናው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ‹‹ባለ አይ ሰቨን በርካሽ›› ስትባሉ ጥርሱን ማየት እንዳትረሱ።

ዘንድሮ የአያ ሁለተኛ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አሁንም ዛፍ ተቆርጧል። በዚህኛው ጊዜ እኔም አብሬ ሄድሁ፤ ግን አላስፈለግሁም። አያ ሱቁ ውስጥ ገብተው መጀመሪያ ምንም አላደረጉም። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሌላ ነገር የሚፈልጉ መስለው በላፕቶፖቹ አጠገብ አለፉ። ተመልሰውም አለፉ። ሻጩ ተቻኩሎ ‹‹አባባ፣ ይሄ ባለ አንድ ቴራ ነው›› አላቸው።

‹‹ሆዱን ተወው፣ ልጄ›› አሉት። ‹‹እስቲ አስነሣው።››

‹‹አዲስ ነው እኮ፣ አባባ! ምኑ ይታያል?››

‹‹ፈረስም ገና ውርንጭላ እያለ ነው ጥርሱ የሚታየው። አስነሣው።››

ሻጩ አስነሣው። አያ ጎንበስ ብለው አዩት። ልጁ ሦስቱን ቁልፎች ተጫነ፤ ጥርሱ ወጣ። አያ ማንበብ አይችሉም፤ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ‹‹እስቲ ደግሞ አጥፍተህ አስነሣው›› አሉ።

የዋጋ ነገር ገና አልተነሣም።